ፍሬን የለሽ ጫካ ገባች

ፍሬን የለሽ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። አነዳዷን ለማለት አይደለም፤ የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ዶሮ እንኳ አልገጨችም። ፍሬን ያጣው አፏ ነው። መንገድ የዘጋባትን ባለ መኪና በመስኮት ብቅ ብላ ልክ ልኩን ስትነግረው ተሳፋሪው ሁሉ ያጨበጭብላት ነበር።

ታዲያ ያቺ ሴት ግራ ጡቷን በቀዶ ሕክምና አስወጥታ ከሆስፒታል ስትመለስ፣ ቤቷ የሌላ ሰው ቤት ሆኖ ጠበቃት። ሳሎን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ባንክ የምትሠራው ልጇ ውሃ እንኳ ራሷ እንዳትቀዳ ብርጭቆውን ከእጇ ትነጥቃለች። ታላቅ ወንድሟ፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አብሯቸው የሚኖር ጡረተኛ አናጢ፣ በሩ ሲንኳኳ ከማንም ቀድሞ ይሮጥና ጠያቂውን ሁሉ «እንዳታስለቅሷት፣ እንዳታስቋትም፣ ስፌቱ ይሳባል» እያለ ያስጠነቅቃል።

«ሞቻለሁ እንዴ?» አለች አንድ ቀን። ልጇ ትራሷን አመቻቸችላት።

ሐኪሙ በእግር መሄድ ሲፈቅድላት ጊዜ አላጠፋችም። የት እንደምትሄድ ታውቃለች። ከአውቶቡሷ የመጨረሻ ፌርማታ ጀርባ ጫካ ይጀምራል። ስንት ዘመን እዚያ ድረስ ነድታ፣ አዙራ ስትመለስ በስፖኪዮ አይታዋለች፤ ገብታበት ግን አታውቅም።

መጀመሪያ ዳር ዳሩን ሄደች። ከዚያ ገባ አለች። ጦጣዎቹ ከላይ ሆነው የበሉትን ፍሬ ልጣጭ አናቷ ላይ ሲያራግፉባት ሰደበቻቸው፤ እነሱም መለሱላት። አንዲት ድኩላ ከቁጥቋጦ ብቅ ብላ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ስታያት ደግሞ «ምን ታፈጪብኛለሽ? ሰው አይተሽ አታውቂም?» አለቻት። ድኩላዋ እንጣጥ እንጣጥ እያለች ሄደች። ፍሬን የለሽ ድምጿ እየተመለሰላት መሆኑን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

ነብሩን ያገኘችው ዝናብ ባባራበት ጠዋት ነው። የእግር መንገዱ ተጠማዝዞ ወደ ወንዙ ሊወርድ ሲል ጫካው ጭጭ አለ። ጦጣ የለ፣ ወፍ የለ። ቀና ብትል የወደቀ ግንድ ላይ ተጋድሞ ያያታል። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ አውቶቡስ ቢያቆሙበት የሚሞላ ነው። ሳይቸኩል ተነሳ፤ ከግንዱ ዱብ አለና መንገዱ መሃል ቆመ። እርጥብ ቆዳው ሥር ትከሻው ሲላወስ ታያለች።

ሩጪ ሩጪ አላት፤ እግሯ ግን እንቢ አለ። ነብሩ ቀረብ አለ። ያን ጊዜ የሆነ ነገር ከሆዷ ተነስቶ ጉሮሮዋን ጥሶ ወጣ። የካፖርቷን ሁለት ጫፍ ይዛ እጆቿን ዘረጋች፤ ስፌቱ ብብቷ ሥር ሲወጠር እንደ እሳት ለበለባት።

«አንተ! መንገዱን ልቀቅ! የአባትህ ግቢ መሰለህ? ዞር በል ነው የምልህ!»

ነብሩ ጆሮውን ለጠፈና ጥርሱን አሳያት። እሷም አሳየችው። የምታውቀውን ስድብ ሁሉ፣ ለታክሲ ነጂ ያስቀመጠችውን ሳይቀር፣ አወረደችበት። በመጨረሻ ጅራቱን ወዝወዝ አደረገና ፊቱን አዞረ። የሰለቸው እንጂ የሸሸ አይመስልም። ቁጥቋጦው ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ጭቃው ላይ ዘጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፤ ለቅሶው እንደገና ሳቅ። ያ በሽታ ጡቷን ሲያሳጣት ፊት ለፊት አግኝታ አልጮኸችበትም። ስሙን ነገሯት፣ አስተኟት፣ ቆረጧት፣ አለቀ። ይሄኛው ግን ዓይን ነበረው። ጮኸችበት፤ ሰማት።

ስህተቷ ቤት ገብታ ማውራቷ ነው። ልጇ የያዘችውን ሳህን ለቀቀችው። ወንድሟ የግቢውን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ በማግስቱ ደግሞ አንድ አዳኝ ይዞ ሳሎን ገባ።

አዳኙ ጨዋ ሰው ነው፤ ጠመንጃውን ደጅ አስደግፎ ነው የተቀመጠው። «እትዬ፣ የት ጋ እንዳዩት ብቻ ይንገሩኝ፤ ሌላውን ለእኔ ይተዉት።»

«አልነግርህም።»

«ሰው ቢጎዳስ?»

«እስካሁን ማንን ጎዳ? የማንን በግ ነካ?»

«እሱስ... አልሰማሁም» አለ አዳኙ።

«ሰፈሩ የሄድኩት እኔ ነኝ እንጂ እሱ ሳሎኔ አልመጣም። የአባትህ ግቢ መሰለህ ወይ ብዬው ነበር፤ ለካ የአባቱ ግቢ ነው!»

አዳኙ ሳቁን ለመደበቅ ሻዩን ፉት አለ። ወንድሟ ግን ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። «አብደሻል? በስንት መከራ ከሞት አፍ አውጥተንሽ...»

እሷም ወደ ኋላ አላለችም። «ወንድም ጋሼ፣ ከሞት አፍ ያወጣችሁኝ ሶፋ ላይ ልትጎልቱኝ ነው? በቁሜ እኮ ለቅሶ ተቀመጣችሁብኝ! ነብሩ እንኳ በሽተኛ ናት ብሎ አላዘነልኝም። በል ቁልፌን።»

«እንቢ ብልሽስ?»

«አጥሩን እዘላለሁ። ስፌቱ ቢፈታ በአንተ ነው።»

ወንድሟ እንደማትቀልድ ያውቃል፤ እህቱ ናትና። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። አዳኙ ተነሳ። «እንግዲህ ጫካው ሰፊ ነው፤ ካልነገሩኝ አላገኘውም። ግን ሲሄዱ ድምፅ እያሰሙ ይሂዱ፤ እሱ ራሱ ይርቅልዎታል። ብቻዎንም አይሂዱ።»

ቅዳሜ ጠዋት ልትወጣ ስትል ልጇን ሸራ ጫማ አጥልቃ በሩ ላይ አገኘቻት። ፊቷ ቅጭም ብሏል። «ብቻሽን አትሂጂ ተብሏል፣ አይደል? እንሂዳ!»

እየዘፈኑ ገቡ። ልጇ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ክንዷን ትቆነጥጣለች። ጥቅጥቅ ወዳለው ጋ ሲደርሱ አንዲት ከርከሮ ግልገሎቿን አስከትላ ከፊታቸው ድቅን አለች። ጥርሷ ከአፏ ውጭ ተቆልምሟል። ልጇ ጩኸቷን አቀለጠችው፤ እንዴት እንደወጣች ሳይታወቅ ዛፍ ላይ ናት።

«እማዬ! ውጪ!»

«በየትኛው እጄ?»

ፍሬን የለሽ ይህችኛዋን አልተቆጣቻትም። ዓይኗን ሳትነቅል በዝግታ ወደ ኋላ አለች። «እሺ የእኔ እመቤት፣ እሺ። ልጆችሽን ይዘሽ እለፊ፤ ቅድሚያ የአንቺ ነው።» ከርከሮዋ መሬቱን በአፍንጫዋ ገፋ ገፋ አደረገችና ጅራቷን እንደ አንቴና ቀጥ አድርጋ ግልገሎቿን እየነዳች አለፈች።

ልጅቷ ግን መውረድ አቃታት። ሱሪዋ ቅርንጫፍ ላይ ተይዞ ቀርቷል። እናቷ ከሥር ሆና ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«አትሳቂብኝ! ክፉ ሴትዮ! በአንቺ ጦስ ከርከሮ ሊበላኝ!»

ከሆስፒታል ወዲህ ልጇ ስትጮህባት የመጀመሪያዋ ነው። ፍሬን የለሽ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። «ጩኺ፣ ልጄ» አለቻት፤ «ገና አልሰማሁሽም።»

ሱሪው ተቀዳደደና ልጅቷ ወረደች። ቤት ሲደርሱ ወንድሟ ግቢው በር ላይ ቆሟል። «ምን አያችሁ?»

«ምንም፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ። «ዛፍ ብቻ።»

ሽማግሌው ሱሪዋን ከላይ እስከ ታች አየው። «ዛፉ ነው የነከሰሽ?»

«አዎ» አለች ፍሬን የለሽ፣ በጎኑ እያለፈች። «ነገም ይነክሳታል።»