ሰባት እልልታ ለአቶ ቢያድግልኝ

፩

ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ እትዬ አበዙ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን ከነምስሩ ወረወረችው።

«…አቶ ቢያድግልኝ ታፈረ የክልሉ የሕዝብ ቅሬታ ሰሚ ቢሮ ኃላፊ ሆነው ተሹመዋል።»

ቅሬታ ሰሚ።

ሰሚ!

፪

ሰውየውን ለማታውቁት።

የቀድሞ ሹመቱ፦ የከተማው መሬት አስተዳደር ኃላፊ።

የቀድሞ ሥራው፦ የአበዙን የጌሾ ጓሮ «ለወጣቶች ማዕከል» ብሎ በቆርቆሮ ማጠር።

የተሠራው ማዕከል፦

የለም። ቆርቆሮው ግን አለ። ሴትየዋ ልጆቿን ያሳደገችበት ጌሾ ከውስጥ ቆሞ እየደረቀ ነው፤ በምስማር ቀዳዳ ታየዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በቀዳዳ!

፫

ባለፈው ሚያዝያ አዲሱ የክልል ፕሬዚዳንት ስታዲየም ቆመው «የትናንት ሰው በነገ ወንበር አይቀመጥም» አሉ። እልልታውን የጀመረችው አበዙ ናት። በዚያ ከተማ እልልታ ያለሷ አይጀመርም። ወንድ ሲወለድ ሰባት፣ ሴት ስትወለድ ሦስት፤ ጎረቤት ከቤቱ ሳይወጣ ቆጥሮ ምን እንደተወለደ ያውቃል።

(ለሴት ለምን ሦስት እንደሆነ አትጠይቁኝ። እሱ ሌላ ንዴት ነው፤ እዚህ ቦታ የለኝም።)

ለፕሬዚዳንቱ ሰባቱንም አወረደችው። ለውጥ የተወለደ መስሏት።

ያቺን ሰባት እልልታ ዛሬ እንደ ምስሩ ከመሬት ለቅማ ብትመልሳት በወደደች።

፬

የሹመቱ ዝርዝር፣ አበዙ እንደሰማችው

ውሃ ቢሮ፦ መንገድ ቢሮ የነበረው።

መንገድ ቢሮ፦ ውሃ ቢሮ የነበረው።

ትምህርት ቢሮ፦ አዲስ ሰው። የመንገዱ አማች።

ቅሬታ፦ እሱ።

፭

በፍርድ ቤቱ በር፣ ጃንጥላ ሥር። ጋሽ ወርቅነህ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፤ የአበዙንም የጻፈው እሱ ነው።

እሷ፦ በሚያዝያ አውራ ጣቴን ያተምኩበት ወረቀት የት ደረሰ?

እሱ፦ ፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ገብቷል።

እሷ፦ ከዚያስ?

እሱ፦ «ለሚመለከተው» ብለው መርተውታል።

እሷ፦ የሚመለከተው ማነው?

እሱ፦

እሷ፦ ምነው ተለጎምህ? ቀለምህ ነው ያለቀው ወኔህ?

እሱ፦ ቅሬታ ሰሚ ቢሮ ነው፣ እትዬ።

እሷ፦ እሱን ብከስ ዳኛው እሱ?

እሱ፦ ምን ይደረግ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ…

እሷ፦ ዝም በል! ጉልቻውስ መቼ ተለወጠ? ያው ሦስቱ ናቸው፣ ቦታ ተቀያየሩ እንጂ!

፮

የቀበሌው የሴቶች ተጠሪ ዘርትሁን እየተቅለሰለሰች መጣች።

«እማማ፣ ቅዳሜ ለአዲሱ ኃላፊ አቀባበል አለ። እልልታውን እርስዎ ይጀምሩልን።»

«ጉሮሮዬንም በቆርቆሮ አጠራችሁት እንዴ?»

«ኧረ እማማ! ደግሞ ፋይልዎ እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነው አሉ። ደስ ካላቸው ጓሮውን…»

«ጨርሺዋ።»

አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም።

፯

እልልታ እንዲህ ነው የሚባለው፦ አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን ከጥግ እስከ ጥግ አመላልሺው። ትንፋሽሽ እስኪያልቅ አታቋርጪ።

ደስታ ከሌለሽስ?

ሞክሪው። ከዚያው ጉሮሮ የሙሾ ድምፅም እንደሚወጣ ታውቂያለሽ።

፰

ቅዳሜ። አዳራሹ ጢም ብሏል። አቶ ቢያድግልኝ ሱፉ አዲስ ነው፤ አንገቱ ያው ነው። አበዙን ሲያይ ማይክራፎኑን ይዞ ከመድረክ ወረደ።

«እናቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጌሾውስ?»

ያውቃታል። ቅንጣት አላፈረም።

«ጌሾውን አንተ ታውቃለህ፤ ቁልፉ ካንተ ጋ ነው።»

«እሱን ሰኞ እናየዋለን። ፋይልዎ እኔ ጋ ነው» አለ፤ ፈገግ ብሎ ማይክራፎኑን ወደ አፏ አስጠጋው።

ከኋላዋ ሴቶቹ እልልታውን ሊቀበሏት ተዘጋጅተዋል። ከደጅ የቀሩት ድምፅ ማጉያው ሥር ተሰብስበው ሊቆጥሩ ጣታቸውን ዘርግተዋል።

አበዙ ነጠላዋን አጠበቀች።

አፏን ከፈተች።

፱

ቁጠሩ፤ እልልታ ከሆነ።