ካርዱ ዘንበል ሲል

ካቫታ በምትሠራበት ማተሚያ ቤት ሳጥኑን ከፍታ የመጀመሪያውን የአድራሻ ካርድ ስታወጣ ደስ ብሏት ነበር። የማያብረቀርቅ ድፍን ጥቁር ወረቀት፣ መሃሉ ላይ በግራጫ «ኬሩቦ የሙሽራ ልብስ»። ወደ መስኮቱ ዘንበል ስታደርገው ግን ክው አለች። ብርሃን ሲያርፍበት በሚያብረቀርቁ ፊደላት ብቅ ያለው ስም ሌላ ነው፤ ንያኩንዲ።

ንያኩንዲ የሱቁ ባለቤት የኬሩቦ ባል ነው፤ ጥላው ወጥታለች። ሱቁ የሁለቱም በነበረ ጊዜ ካርዱ በእሱ ስም ነበር፤ ያንንም የሠራችው ካቫታ ናት። ባለፈው ሳምንት ኬሩቦ የተሰበረ ጥርሷን በእጇ ከልላ መጣችና «ያው ካርድ ይሁን፣ የሱን ስም ብቻ አጥፊልኝ። ላየው አልፈልግም» አለቻት።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለች ካቫታ።

ጉዱን ያመጣው ይሄው «ቀላል ነው» ማለቷ ነው። የሚያብረቀርቀው ቅባት በኮምፒውተሩ ፋይል ውስጥ የራሱ ገጽ አለው፤ ማብረቅረቅ ያለበት ቦታ ሁሉ በድፍን ጥቁር ተሞልቶ ለቀቢዎቹ ይላካል። ያ ጥቁር ሥራውን ስለሚጋርድባት ካቫታ ሁልጊዜ ትደብቀዋለች። የድሮውን ፋይል ከፍታ ከላይ ስሙን ቀየረች፤ የተደበቀውን ገጽ ግን ሳትነካው እንዳለ ላከችው። የማተሚያ ቤቶች ሰፈር በሆነው ሪቨር ሮድ ላይ ይሄ ያልደረሰበት ዲዛይነር የለም ይባላል። እሷን ግን ምንም አላጽናናትም።

ሁሉም «ምዜ»፣ ሽማግሌው፣ ለሚሉት ለአለቃዋ ለንጄንጋ አሳየችው።

«ማን ዘንበል አድርጎ ያያል?» አለ ሽማግሌው። «ሰው ካርድ ሲሰጡት ኪሱ ነው የሚከተው።»

«ምዜ፣ የባሏ ስም እኮ ነው።»

«ዛሬ የሙሽራ ልብስ ትርኢት አለባት። ባዶ እጇን ትሂድልሽ? በኋላ በነፃ እናትምላታለን። አሁን ዝም በይ፣ የኔ ልጅ።»

ሽማግሌው ክፉ አይደለም፣ ፈሪ ነው እንጂ። ካቫታም የምትፈልገው የፈሪ ምክር ነበርና እሺ አለች።

ኬሩቦ ከሰዓት በፊት እየሳቀች ገባች። ያንን ጥርሷን መከለል ረስታዋለች።

«እስቲ አምጪው፣ የኔ እህት። እንቅልፍ ነሳኝ እኮ።» አንዱን ካርድ አንስታ ትኩር ብላ አየችው። «ስሜ ለብቻው ሲሆን እንዲህ ያምራል እንዴ?»

ካቫታ አንገቷን ደፋች። ሆዷ ንገሪያት፣ ንገሪያት እያላት ደረሰኝ መጻፍ ጀመረች። በራሷ አፈረች።

«የመጀመሪያው ያንቺ ነው» አለች ኬሩቦ ካርዱን እየዘረጋችላት።

ቅባቱ ከወረቀቱ ከፍ ስለሚል በጣት ይታወቃል። የኬሩቦ አውራ ጣት ካርዱ ላይ ቀጥ አለ። መልሳ ዳሰሰችው፣ ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ ካርዱን ዘንበል አደረገችው።

«እዚህም አለ?» አለች። ቀጥላም «ታውቂ ነበር?»

«ጠዋት ነው ያየሁት። የኔ ጥፋት ነው፣ ልነግርሽ ነበር፣ ግን...»

«ጎረቤቶቼም ሌሊት ሌሊት ሲመታኝ ይሰሙ ነበር» አለች ኬሩቦ።

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ካርዱን ሳጥኑ ውስጥ መልሳ ክዳኑን ገጠመችው። ከዚያ እጇን ወደ አፏ አነሳችና ጥርሷን ከልላ፣ ሳጥኑን እዚያው ትታ ወጣች።