ማስጠንቀቂያው ከፊት

ጎረቤቴ ላላ ዙበይዳ፣ የልጄ ልጅ ቡሽራ ከሥራ ልትባረር ነው ብላ ሰፈሩን አዳርሳለች። ውሸት አይደለም፤ የነገርኳት እኔ ነኝ።

ቡሽራ ሥራ የገባችው ኑዋስር በሚባል ሰፈር፣ አውሮፕላን የሚጠግኑበት ቦታ ነው። ለመካኒኮች መመሪያ ትጽፋለች፣ በእንግሊዝኛ፤ ግን በተቆጠረ እንግሊዝኛ። የተፈቀደ ቃል አለ፣ የተከለከለ አለ። አንዱ ትእዛዝ ከሃያ ቃል አያልፍም፤ በአንዱ ውስጥም አንድ ሥራ ብቻ ነው። እኔ በዚህ ሕግ ብኖር ስለ ላላ ዙበይዳ አማች ምንም ሳልናገር እሞት ነበር።

ልጅቷ ወሬ የለመደችው ከኔ ነው፤ የመመሪያ ፈተናውን ሁለቴ ወደቀች። ሐሙስ ሦስተኛውና መጨረሻው ነው፤ ከወደቀች ትባረራለች። የጻፈችውን፣ ያንን ሥራ ነክቶት ለማያውቅ መካኒክ ይሰጡታል፤ እንደተጻፈው ብቻ ይሠራል።

"እኔ ላይ ሞክሪው፤ ከመካኒክሽ የባስኩ ደንቆሮ ነኝ" አልኳት።

የኔን የቡታጋዝ ሲሊንደር ስለ መቀየር ጻፈችና በኛ ቋንቋ እየመለሰች አነበበችልኝ። የጋዙን ጎማ ከሲሊንደሩ ፍቺው አለች፤ መፍቻዬን አንስቼ ፈታሁት። ከዚያ በፊት ግን መዝጊያው መዘጋቱን፣ እሳትም አለመኖሩን አረጋግጪ ስትል ጎማው እጄ ላይ ነው።

ፊቷ አመድ መሰለ። ዘላ መስኮቱን ከፈተች።

"እማዬ፣ ልትገድይን ነው?"

"እኔ ምን አጠፋሁ? ያልሽኝን ነው የሠራሁት።"

ትንሽ አቆየኋትና ነገርኳት፤ ሲሊንደሩ ጠዋት ነው ያለቀው፣ የበላችውንም ምስር የቀቀልኩት ላላ ዙበይዳ ቤት ነው። ተቆጣች። ቆይታ ወረቀቷን አየችው። ሁለቴ የጣላት ይኸው ነበር፤ ማስጠንቀቂያውን ከሥራው ኋላ ታደርገዋለች። የኔው ልጅ። እኔም "ለማንም እንዳትነግሪ" የምለው ወሬውን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ያን ቀን ሁሉንም ገለበጠችው። አደጋው መጀመሪያ፣ መዝጊያው ቀጥሎ፣ ጎማው መጨረሻ። ሲሊንደሬን አምስት ጊዜ አስፈታችኝ፤ ወገቤ ተቆረጠ።

ሐሙስ መካኒኩ አነበበ፣ ሠራ፣ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ጨረሰ። አለፈች። ይህን ለላላ ዙበይዳ በደረጃው ላይ ጮክ ብዬ ነገርኳት፣ ሌላውም እንዲሰማ።

ማታ ቡሽራ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ለላላ ዙበይዳ አትነግሪም። ማይልኝ መጀመሪያ።"

ማልኩ።

"መካኒኩ ሻይ ጋበዘኝ።"

ማስጠንቀቂያውን ማስቀደም ተምራለች፣ ምን ይደረግ። ለላላ ዙበይዳ አልነገርኩም። ስለ እናንተ ግን ምንም አላለችኝም።