ምንም መጽሐፍ አልወሰደችም

የቤተ መጻሕፍቱ የልጆች ክፍል ሠራተኛ አንድ አመል አላት። ልጅ ገና ከበሩ ብቅ ሲል «ምን ዓይነት መጽሐፍ ትወዳለህ?» ብላ አትጠይቅም። እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ ልጅ «እኔ እንጃ» ነው የሚለው፤ «እኔ እንጃ» የሚባል መጽሐፍ ደግሞ በየትኛውም መደርደሪያ ላይ የለም። እሷ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ታወርድና፣ ጎንበስ ብላ፣ «ዛሬ ምን አናደደህ?» ትላለች። ወይ ጉድ! ለካ ልጅ ሁሉ ተናዶ ነው የሚውለው!

አንዱ «ቢምቢ ስትነክሰኝ አደረች» ይላል። ስለ ቢምቢ በትልልቅ ሥዕል የተሠራ መጽሐፍ ይዞ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ይመለስና የምትነክሰው ሴቷ ብቻ እንደሆነች፣ ወንዱ የአበባ ጣፋጭ እየላሰ እንደሚኖር በሩ ላይ ለቆመው ጥበቃ ሳይቀር ያስረዳል። አንዷ «አባዬ ሲያንኮራፋ እንቅልፍ ከለከለኝ» ትላለች። ስለ ሳንባና ስለ ጉሮሮ የሚያወራ፣ በየገጹ የሚከፈት መስኮት ያለው መጽሐፍ ይሰጣታል። አባትየው ደግሞ በሳምንቱ ይመጣና «ልጄ ሌሊት በባትሪ አፌን ታየኝ ጀመር፤ ምን አድርጋችሁብኝ ነው?» ብሎ ያማርራል። እሱንም «ሌላስ ምን አናደደዎት?» ትለዋለች፤ እሱም ባዶ እጁን አይመለስም። በዚህ የተነሳ ልጆቹ ስሟን ትተው «ዶክተር» ነው የሚሏት። ላይ ላዩን «ኧረ ተዉኝ እናንተ!» ትላለች እንጂ ውስጥ ውስጡን ደስ ይላታል።

እንግዲህ ደስታ ባለበት አለቃ አይጠፋም። የእሷ አለቃ የሕንጻውን ቁልፍ ሁሉ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚዞረው፤ ልጆቹ «ጋሽ ቃጭል» ብለውታል። ከሩቅ ስለሚሰማ፣ ሳይደርስባቸው ዝም ለማለት ይመቻቸዋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው፤ አንዳንዴ እሱም ከክፉው ይብሳል። የትምህርት ቤት ዕረፍት በተጀመረ ሰሞን አንድ ካርቶን ስቲከር ተሸክሞ መጣና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈው።

«ቀዩ እስከ ስድስት ዓመት ላለ ልጅ፣ አረንጓዴው እስከ ዘጠኝ፣ ሰማያዊው ከዚያ በላይ» አለ። «በየመጽሐፉ ጀርባ ይለጠፋል። ልጁ ዕድሜውን ያውቃል፣ ቀለሙን ያያል፣ ይወስዳል። አንቺም ከዚህ ሁሉ ልፍለፋ ታርፊያለሽ።»

«ጋሼ፣ ልፍለፋውን ከወሰዱብኝ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«ማህተም ትመቻለሻ!»

ደሟ ፈላ። ሥራዋ እኮ ያ ልፍለፋ ነው! ማህተም ማንም ይመታል። እልህ ያዛትና «እኔ ጋ መጥቶ ባዶ እጁን የወጣ ልጅ የለም!» ብላ አፏን ሞልታ ተናገረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጋሽ ቃጭል በአገጩ ወደ ጥግ ጠቆመ።

«እሷስ?»

ከመስኮቱ ሥር፣ ትራሱ ላይ፣ ምንም ተቀምጣለች። ምንም የልጅቷ ቅጽል ስም ነው። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯ በአንድ በኩል ሁልጊዜ ይፈታባታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ብቻዋን ትመጣለች። «ዛሬ ምን አናደደሽ?» ስትባል «ምንም» ትላለች። በሚቀጥለውም «ምንም»። ልጆች ምሕረት የላቸውምና ስሟ ሆኖ ቀረ። እሷም አልተቀየመችም። «ምንም መጣች!» ሲባል ሁሉም ይስቃል። ማምሻውን «ዛሬም ምንም መጽሐፍ አልወሰደችም» ሲባል ግን ዶክተር አትስቅም።

«እንግዲያው» አለ ጋሽ ቃጭል፣ «ዕረፍቱ ሳያልቅ ያቺ ልጅ መጽሐፍ ይዛ በዚህ በር ከወጣች፣ ካርቶኑን ወደመጣበት እመልሳለሁ። ካልወጣች ትለጥፊያለሽ።»

«ይሁን!»

ከዚያማ ዶክተር ልጅቷን መድረሻ አሳጣቻት። ሦስት ልብ ስላለው የባሕር እንስሳ የሚያወራውን አቀረበችላት። ሰው ለምን እንደሚያገሳ የሚያስረዳውን፣ ሲያሹት ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸተውን፣ ከካርቶን ተቆርጦ ድልድይ የሚሠራበትን፣ ያልቀረበ የለም። ምንም «አመሰግናለሁ» ብላ ትቀበላለች፣ ትገልጣለች፣ እዚያው ታነበዋለች። ስትሄድ እንደተኛ ሕፃን ቀስ ብላ መደርደሪያው ላይ ትመልሰዋለች። ዶክተርም ትብስባታለች። «እማዬ ተቆጣችሽ? ጥርስሽን አመመሽ? በትምህርት ቤት የሰደበሽ አለ? ንገሪኝ እንጂ የኔ እናት!» መርማሪ ፖሊስ ይሻላል እኮ! ልጅቷ ግን ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም።

ቅዳሜዎቹ አለቁና የመጨረሻው መጣ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ልጆቹ እየተጋፉ ሲወጡ፣ በዚያ ሳምንት የተቀጠረው አዲስ ጥበቃ ትርፍ ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ውስጥ የቀረ አለ?» ብሎ ጮኸ።

«ምንም!» አሉት ልጆቹ ባንድ ድምፅ። እውነታቸውን ነበር። እሱ ምን ያውቃል? ቆልፎት ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ዶክተር ያን ጊዜ ከኋላ መደርደሪያ ሥር ተንበርክካ፣ አንድ ባለጌ ወደ ግድግዳው የወረወረውን መጽሐፍ በማስመሪያ እየሳበች ነበር። የቁልፉን ድምፅ ሰምታ ብትሮጥም አልደረሰችም። በሩን ደበደበች፣ ማን ሰምቶ! ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋ ቢሮ ውስጥ ነው። ዞር ስትል ምንም ትራሷ ላይ ሆና ታያታለች። ዶክተር አንዲት የሕፃን ወንበር ስባ ዘፍ አለች። ርቧታል፣ ጉልበቷ አቧራ ሆኗል፣ ሰኞ ደግሞ ስቲከር አለባት። ልጅቷ ከኪሷ ሙዝ አውጥታ ልጣ ግማሹን ሰጠቻት።

«ዶክተር።»

«ወዬ።»

«እርስዎን ዛሬ ምን አናደደዎት?»

እዩልኝ እንግዲህ! ይህን ሁሉ ዘመን ስትጠይቅ ኖራ፣ እሷን የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። ምላሷ ላይ የመጣላት ቃል ደግሞ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? «ምንም» ነው! ለጥቂት አመለጠችው። ከዚያ ግን ግድቡ ፈረሰ።

«ስቲከሩ ነዋ! ልጅ ዕድሜው ተለጥፎበት ነው እንዴ የሚያነበው? ሰኞ ተቀምጬ ቀይ፣ አረንጓዴ ስለጥፍ ልውል! አንቺም! አዎ፣ አንቺም አናደሽኛል! ምን ያላቀረብኩልሽ አለ? ምን ያልጠየቅሁሽ አለ?»

ልጅቷ አልደነገጠችም። ሙዟን አኝካ ጨረሰች። ከዚያ ተነስታ ወደ ትንንሾቹ መደርደሪያ ሄደችና አንድ ቀጭን መጽሐፍ መዝዛ መጣች። ጫጩት ከእንቁላል እንዴት እንደምትወጣ የሚያሳይ ነው።

«ላንብብልዎት?» አለች። ገጹን ታውቀዋለች። «ጫጩቷ ቅርፊቱን ከውስጥ፣ ራሷ ትሰብረዋለች። ረጅም ሰዓት ይወስድባታል። የረዳት መስሎት ቅርፊቱን ከውጭ የሚልጥ ሰው ግን ይጎዳታል። ትደማለች።» ዘጋችውና ዘረጋችላት። «ይሄ ለእርስዎ ነው።»

ዶክተር መጽሐፉን ተቀበለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ስንቴ ሰምታለች፤ ለሌላው ሰው የተተረተ ነበር የሚመስላት። አፈረች፣ እውነቱን ለመናገር በጣም አፈረች።

«ደምተሽ ነበር እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

«ትንሽ።»

ይሄኔ ከኮሪደሩ የቁልፍ ድምፅ መጣ፤ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ቃጭል ነው። «እናንተ ምን ታደርጋላችሁ እዚህ?» አለና ሳይነገረው ገባው። ዓይኑ ወደ ልጅቷ እጅ ሄደ። ባዶ ነው። መጽሐፉ ያለው ዶክተር እጅ ነው።

«እንግዲህ ሰኞ …» ብሎ ሲጀምር ልጅቷ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ እርስዎን ዛሬ ምን አናደደዎት?»

«እኔን? ምንም።»

ዶክተር ልታጣድፈው አፏን ስትከፍት ልጅቷ ጉልበቷን ነካ አደረገቻት። ዶክተር አፏን መልሳ ዘጋችው። ምንም አንዲት ወንበር ስባ አጠገቡ አኖረችና ተመልሳ ተቀመጠች። አልጠየቀችው፣ አላየችው፣ ፀጉሯን ብቻ መጎንጎን ጀመረች። ጋሽ ቃጭል ቆመ። ሳለ። ቁልፎቹን ነካካ። ሰዓቱን አየ። በመጨረሻ ያቺ ሚጢጢ ወንበር ላይ ተቀመጠና ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ።

«የጎረቤቴ ውሻ!» ብሎ ፈነዳ። «ቀኑን ሙሉ ዋው! ዋው! ምሳዬን እንኳን በሰላም አልበላሁም! ምን በድዬው ነው?»

ልጅቷ ቱር ብላ ሄዳ ውሾች በጅራታቸው፣ በጆሯቸውና በድምፃቸው ምን እንደሚሉ የሚያሳይ መጽሐፍ አመጣችለት። ገጹ ሁሉ ሥዕል ነው። ጋሽ ቃጭል መነጽሩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ፤ አንዱን ገጽ፣ ሌላውን ገጽ።

«ለካ ብቻውን ሲተዉት ነው የሚጮኸው» አለ፣ ድምፁ ለስልሶ። «ባለቤቱ እኮ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ምስኪን!»

«ጋሼ» አለች ዶክተር ሳቋን አፍና፣ «እሱ ቀይ ነው። እስከ ስድስት ዓመት።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» አለ። ከዚያ ራሱን ሰማ። ካርቶኑን አየ፣ ጭኑ ላይ ያለውን መጽሐፍ አየ፣ አገጩን አሸ። ግን ጋሽ ቃጭል እኮ ነው። «ቢሆንም ቃል ቃል ነው» አለ፣ አሁን እያዘነ። «ልጅቷ አልወሰደችማ።»

ዶክተር ጎንበስ ብላ የሙዙን ልጣጭ አነሳች። ልጅቷም ተነስታ ቀሚሷን አራግፋ እስከ በሩ ሄደችና ዞር አለች።

«ዛሬ አልጠየቁኝም እኮ።»

«አልጠይቅሽም።»

«ለምን?»

«እንዳትደሚ።»

ልጅቷ የበሩን እጀታ ለቀቀች። «ጓደኛዬ ሰፈር ቀየረች» አለች ድንገት። «ዕረፍቱ ገና ሳይጀምር። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እዚህ ልንመጣ ተባብለን ነበር። ቻው እንኳን ሳትለኝ!»

የዶክተር እጅ በገዛ ፈቃዱ ወደ መደርደሪያው ሄደ። አገር ለአገር ተሰደው ስለሚመለሱ ወፎች የሚያወራው መጽሐፍ እዚያው፣ ክንዷ ሥር ነበር! እጇን መለሰችና ተቀመጠችበት። «ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ብቻዬን መጣሁ።» አለቀሰች፤ ደህና አድርጋ አለቀሰች። ዶክተርም አብራ አለቀሰች። ጋሽ ቃጭል የውሻውን መጽሐፍ ወደ ፊቱ አስጠጋ። ልጅቷ ሲወጣላት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«አሁን ይምረጡልኝ» አለች። «ግን ወፍራም ይሁን። ብቻዬን የምቀመጥበት ጊዜ ብዙ ነው።»

የወፎቹ መጽሐፍ ወፍራም ነበር፤ ቢለጠፍበት ሰማያዊ ነው የሚሆነው፣ ከዕድሜዋ በላይ። ማህተሙን ጋሽ ቃጭል ራሱ መታላት። የውሻውንም በስሙ መታና ካርቶኑን በብብቱ ይዞ ቆመ።

ጥበቃው ከምሳ ሲመለስ በሩን ተከፍቶ አገኘው። ደነገጠ። «ኧረ! ውስጥ የቀረ አለ?» ብሎ ጮኸ።

ልጅቷ መጽሐፉን በሁለት እጇ አቅፋ በአጠገቡ እየሮጠች አለፈች።

«ምንም የለችም!» አለችው። «ወጥታለች!»