ከቀሚሱ ሥር

የልጅ ልጄ ቱቫ ዘንድሮ ለብርሃን በዓል ሉሲያን ሆና ተመረጠች፤ ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ የሻማ አክሊል ደፍታ፣ ነጭ የለበሱ ዘማሪ ልጆችን የምትመራውን ቅድስት ማለት ነው። ቤተሰቡ በደስታ ሰከረ። እኔ የታየኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ አናቷ ላይ የሚነድ ሻማ ተደርድሮ። በሌላው ቀን ክብሪት እንኳ አያስነኳትም እኮ! በታኅሣሥ ጨለማ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሕዝብ ፊት ሲሆን ግን እሳቱ ባህል ይባላል።

«ከአክሊሉ ሥር እርጥብ ጨርቅ ይደረጋል እማዬ፣ አትጨነቂ» አለችኝ ልጄ ማሊን።

እርጥብ ጨርቅ! እፎይ ልል ነበር። ብትወድቅስ፣ ጨርቁ ይይዛታል?

መውደቁን ከመሬት ተነሥቼ አላመጣሁትም። በየዓመቱ ከነጭ ለባሾቹ ልጆች አንዷ መዝሙሩ መሐል እንደተቆረጠ ጥድ ትዘረጋለች። ሁሉም «ቁርስ ሳትበላ ወጥታ ነው» ይላል። እኔ ግን እግሬ የሚያብጥ ሴት ነኝና ምክንያቱን የጤና ጣቢያችን ነርስ ነግራኛለች። ልብ ደሙን ወደ እግር ይገፋዋል፤ ሽቅብ እንዲመለስ የሚረዳው ባት ነው። የባት ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ደም ሥሩን እንደታጠበ ልብስ ይጨምቀዋል፣ ደሙም ይወጣል። ጉልበቱን ቆልፎ እንደ ምሰሶ የሚቆም ሰው ግን ጡንቻው ሥራ ይፈታል፤ ደሙ እግር ውስጥ ይተኛል፤ አንጎልም ድርሻው ሲቀርበት አኩርፎ መብራቱን ያጠፋል።

ይህን ይዤ የመዘምራኑ መሪ ጉንቮር ዘንድ ሄድኩ። ከልጅነት ጀምሮ እንተዋወቃለን፤ ያኔም ሰልፍ አስተካካይ ነበረች።

«ጉንቮር፣ ልጆቹ ቆመው ሲዘምሩ ትንሽ ይንቀሳቀሱ።»

«ሉሲያ ብርሃን ናት፣ ዲሳ። ብርሃን ሲያሳክከው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ብርሃን ባት የለውማ!»

«ቱቫ በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ልትንሸራተት ስትል ወገቧን በገመድ ያሰርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ታዲያ ሰጠመች?»

«አንዲት ፀጉር እንዳትነቃነቅ!» ብላ ሸኘችኝ።

ስለዚህ ልምምዱ በእኔ ማእድ ቤት ተጀመረ። አክሊሉን ስለማይሰጡን ቱቫ አናት ላይ ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ጫንኩ። ቀሚሱ መሬት ሊነካ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ተረከዟን ከፍ ዝቅ ብታደርግ ማን ያያል ብዬ ነበር። ተረከዟ ሲነሣ አናቷም አብሮ ተነሣ፤ ውሃው በማጅራቷ ወረደ።

«አያቴ! ሳልቃጠል በፊት ልታሰጥሚኝ ነው?»

«ዝም በይና ድገሚው።»

«ሻማው ከፍ ዝቅ ሲል ጉንቮር ታየኛለች እኮ። ከዚያ እሳቱን ተዪው፣ እሷው ትጨርሰኛለች።»

እውነቷን ነው፤ ነበልባል ያሳብቃል። ተስፋ ቆርጬ ፎጣ ሳመጣላት ክንዷን ዘረጋች።

«ቆይ፣ ይሄን እዪ።» ሳታጥፈው አጠነከረችው። ጡንቻው እንደ ድንች ጓጎለ፤ ክንዷ ግን ንቅንቅ አላለም። «ባቴንም እንዲህ ባደርገውስ?»

ባዶ እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ፣ ወፍ ቅርንጫፍ እንደምትይዝ በጣቶቿ መሬቱን ጨበጠች፤ ለቀቀች። ተንበርክኬ ባቷን ያዝኩት። ጠንካራ፣ ለስላሳ፣ ጠንካራ፣ ለስላሳ። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ እንደ መስታወት ረግቷል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ልቤ አረፈ? አላረፈም። የበዓሉ ዕለት ማሊን ወንበር ይዛልኝ ሳለ አልቀመጥም ብዬ ከፊት፣ ከመዘምራኑ መድረክ ጎን ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ካፖርቴ ሥር ቱቫ በሕፃንነቷ አሸዋ የምትዝቅበትን ቀይ ባልዲ ውሃ ሞልቼ ይዣለሁ። ሰው ይሳቅ፤ እሳት ሲነሣ ማን እንደሚስቅ እናያለን።

መብራቱ ጠፋ፤ ልጆቹ እየዘመሩ ገብተው መድረኩ ላይ ተሰለፉ። ቱቫ መሐል ቆመች። ዓይኔን ከሻማዎቹ አልነቀልኩም። ነበልባሎቹ ቀጥ አሉ፤ እኔም ቀጥ አልኩ። ውሃው እንዳይፈስ ጉልበቴን ቆለፍኩ፤ ትንፋሼንም ጨመርኩበት። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ነበልባሎቹ እጥፍ ሆኑ። «ይኸው፣ ተዛመተ!» ብዬ ባልዲውን ላነሣ ስል ግድግዳው ከጀርባዬ ጠፋ።

ስነቃ ወለሉ ላይ ነኝ፤ ውሃው ካፖርቴንም ጫማዬንም ቀድሷል። መዝሙሩ አልተቋረጠም፤ ጉንቮር ለአንዲት አሮጊት ብላ ዜማ የምታቋርጥ ሴት አይደለችም። ማሊን ጭንቅላቴን ይዛለች። አንድ የማላውቀው ጎልማሳ እግሮቼን አንሥቶ የመዝሙር መጻሕፍት ክምር ላይ አሳረፈልኝ።

«ቁርስ በልተሻል?» አለኝ በሹክሹክታ።

ወደ መድረኩ ዞርኩ፤ ከወንበር የማይታየው ያን ጊዜ ታየኝ። ከቱቫ ቀሚስ ጠርዝ ሥር፣ ነጭ ካልሲ ውስጥ፣ ጣቶቿ ይጨብጣሉ፣ ይለቃሉ። ከጎኗ የቆመችውም እንዲሁ። ቀጥሎ ያለችውም፤ እስከ ጥጉ ያለችው ትንሿ ድረስ። አስተምራቸዋለች ለካ! ከላይ ግን አንዲት ፀጉር አልተነቃነቀችም፤ የጉንቮር ፊት በኩራት በርቷል።

«አትንቀሳቀሺ፤ ዝም ብለሽ ተኚ» አለኝ ሰውዬው።

«እዚህ የጣለኝ እሱ ምክር አይደል?» አልኩት፤ እርጥብ ጫማዬ ውስጥ ጣቶቼን ከልጆቹ ጋር እኩል መጨበጥ፣ መልቀቅ ጀመርኩ።