የድልድዩ ፕሮባ

ኢንጂነር ፍሬዘር ወደ ሶዶ ከተማ መጥቶ ከጎኔ ያለውን ክፍል ከተከራየ ሰባት ወሩ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ አንድ ጥፋት ቢኖርበት ከሥዕሉ ቀና አለማለቱ ነው። ሥዕሉ ደግሞ የባቡር ድልድይ ነው። በቦዲቲ መንገድ፣ እኔ በተወለድኩበት መንደር ያለውን ሸለቆ የሚሻገር።

አንድ ሐሙስ ከመንደሩ ስብሰባ ፊቱ በርቶ መጣ። እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ።

«ጋሽ ደገፉ! ሕዝቡ ተቀበለው! አጨበጨበ!»

«ስንት ጊዜ?»

«ሦስት ጊዜ!»

«አይ፣ እንግዲያስ አልወደዱትም።»

«እንዴት?»

«የእኛ ሰው እንግዳን በአደባባይ አያሳፍርም። የጠላውን ያጨበጭብለታል፤ የወደደውን ይጨቃጨቅበታል። እስቲ ሥዕሉን አምጣው።»

ዘረጋልኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ባያልፍም መስመር ማንበብ አያቅተኝም። ሰባት ምሰሶ፣ እኩል እኩል ተራርቀው፣ እንደ ኮት ቁልፍ ተደርድረዋል። ጣቴን አራተኛው ላይ አሳረፍኩ።

«ይሄ የት ነው የሚያርፈው?»

«ባዶ ሜዳ ላይ። አንድም ቤት አይፈርስም፣ አንድም ሰው አይነሳም።»

«ባዶ አልክ? ጉታራው ነው እኮ!»

ጉታራ የሰፈሩ የጋራ መስክ ነው። ሰርጉ እዚያ፣ ለቅሶው እዚያ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤው እዚያ፣ የከብቱ ግጦሽ እዚያ። በአዲስ ዓመታችን፣ በጊፋታ፣ መንደሩ ሁሉ ክብ ሠርቶ የሚጨፍረውም እዚያው ነው። ዘፈኑን የሚያወጡት እትዬ አልጋነሽ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክቡ በእጃቸው ተበጥሶ አያውቅም። አሁን ይሄ ልጅ መሀሉ ላይ ሲሚንቶ ሊተክል ነው።

«ቁልፎቹ እኩል መራራቃቸው ያምራል፤» አልኩት። «ግን አንዱ እምብርት ላይ ከዋለ ሰውየው አይቀመጥም።»

«ሰኞ ለአለቆቼ አስረክባለሁ፣ ጋሼ። ደግሞ አንድ ምሰሶ ምን ያህል ቦታ ይይዛል?»

«እኔ ኮት ስሰፋ መጀመሪያ በነጭ ክር ላላ አድርጌ አያይዤ ደንበኛው ላይ እሞክረዋለሁ። ፕሮባ ይባላል። አንተ ፕሮባ ሳታሳይ በካውያ ልትተኩስ ነው?»

ሥዕሉን ጠቀለለ። «ቅዳሜ እንሂዳ፤» አለ።

ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድን። የመንደሩ ቤት ሠሪ አቶ ኤርሳዶ በምሰሶው ትክክለኛ ስፋት ቀርከሃ ፈልጠው፣ ጠልፈው፣ ዙሪያውን በእንሰት ቅጠል አልብሰው መስኩ መሀል አቆሙት። ከዚያ ራቅ ብለው አዩት።

«ቤቱስ ጥሩ ነበር፤» አሉት ኢንጂነሩን። «በሩን ረሳኸው እንጂ።»

እትዬ አልጋነሽ ግን ፈገግ አላሉም። ዘፈን እንዲያወጡ ስለምናቸው፣ «ጊፋታ ገና ነው፣ ያለ ወሩ አላወጣም» አሉ።

«ለፕሮባ ነው፣ እትዬ።»

«ለፕሮባ ከሆነ ይሁን» ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

ዘፈኑ ወጣ። ሰውም ከየጓሮው ወጣ። ስልሳ እንሆናለን፤ ኢንጂነሩንም ጎትተን ክቡ ውስጥ አስገባነው። ወገቡን ከሥዕል ጠረጴዛ ጋር ያላመደ ሰው ሲጨፍር ማየት ራሱ ድግስ ነው። አንድ ዙር እንኳን ሳንሞላ ክቡ ምሰሶው ጋ ደረሰ። ግማሹ በግራ ሄደ፣ ግማሹ በቀኝ። ከወዲያ ያሉት የእትዬን ድምፅ ዘግይተው እየሰሙ፣ እኛ ስንወጣ እነሱ ሲወርዱ፣ አንዱ ዘፈን ሁለት ሆነ። እትዬ አልጋነሽ አፋቸውን ይዘው ቆሙ። ሲያቆሙ አይቼ አላውቅም።

መቆማቸውን ያላየው ኢንጂነሩ ብቻ ነው። ወደ ኋላ እየጨፈረ ሄደ፣ ሄደ፣ በጀርባው የገዛ ምሰሶውን ሰብሮ ገባ። እግሩ ብቻ በቅጠሉ መሀል ይታያል።

ሳቁ ዳሞታ ተራራ ላይ ሳይሰማ አልቀረም። እትዬ አልጋነሽም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጎትተን ስናወጣው ፀጉሩ ላይ ቅጠል ተሰክቷል።

የተሳቀበት ሰው ደግሞ እንግዳ አይደለም። ወዲያው ጭቅጭቁ ጀመረ።

«ወደ ባሕር ዛፉ ይሂድ!»

«እዚያማ የኔ እንሰት ነው፣ ምን አለህ አንተ!»

«አጥሩን ተጠግቶ ይቁም፣ ከብት ይለፍ!»

«ዝቅ ይበል እንጂ፣ ዳሞታን ይጋርድብኛል!»

ፍሬዘር ደብተሩን አውጥቶ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ መልሶ ይጽፋል። ዓይኑ እያበራ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ! እየተጨቃጨቁ ነው!»

«እንኳን ደስ ያለህ።»

በመጨረሻ ስምንት ጎረምሶች ምሰሶውን ተሸከሙ፣ እትዬ አልጋነሽ ከፊት ከፊት። «ትንሽ፣ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ፣ በቃ!» አሉ። ከመስኩ ጠርዝ፣ ከቦዩ ወዲያ። እንደገና ዘፈኑ፤ ክቡ ዞሮ ዞሮ ገጠመ፣ አንድም እጅ አልተላቀቀም። ኢንጂነሩ ሜትሩን ዘረጋ።

«እስከሚቀጥለው ምሰሶ ቦታ አርባ ስድስት ሜትር። ባቡሩን የሚሸከመው አግዳሚ ሊወፍርብኝ ነው፤» አለ።

«ይወፍራ፤» አሉ አቶ ኤርሳዶ። «በኛ አገር ወፍራም በሬ ማን ይጠላል?»

እሑድን ሙሉ ሲሥል ዋለ። ሰኞ አለቆቹ ለምን ምሰሶዎቹ እኩል እንዳልተራራቁ ጠየቁት። «ፕሮባ ላይ ጠበበ» ብሎ መለሰላቸው አሉ። ቀጥሎ ስለ አግዳሚው ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቁበት። በዚህ ጊዜ ትርጉሙን ነጋሪ አላስፈለገውም፤ እየሳቀ ነው የመጣው። ሐሙስ ዕለት ተፈረመለት።

ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ እኔን አትጠይቁኝ። የቀርከሃውን ምሰሶ ግን እትዬ አልጋነሽ ወደ ግቢያቸው አስወስደው በር አስወጥተውለታል።

«ባቡሩ እስኪደርስ፣» ይላሉ፣ «ዶሮዎቼ ይሳፈሩበት።»