ገጽ ሰማንያ ሁለት

ልጆቼ፣ እስቲ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የአይናለምን ንዴት ላጫውታችሁ።

መምህር አለምነህ፣ ወረታ ከተማ ካለው የሩዝ መፈልፈያ ሲገባ፣ እዚያ የምትሠራው አይናለም ሞተሩን ቀጥ አደረገችው። ሩዛቸውን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች አጉረመረሙ። እሷ ግን እሱ የጻፈውን መጽሐፍ ከሚዛኑ ላይ አንስታ ፊቱ ቆመች።

"አነበብሽው?" አላት ፈገግ ብሎ። ሦስት ዓመት በእናቷ ግቢ ተከራይቶ የኖረ ሰው ነው፤ ማንበብም ያስለመዳት እሱ።

"መጀመሪያ ያዋስከኝ መጽሐፍ ሁሉም የሚጋባበት ነው፤ ሣቅሁ፣ ረሳሁት። ሁለተኛው ረዘመብኝ፤ ግን ሰውዬው ሲሞት ወጥ አሳርሬያለሁ። ይኼ ያንተው ግን አንገበገበኝ!"

እስከዚያች ቀን አንቱ ነበር የምትለው።

"ምኑ?"

"ገጽ ሰማንያ ሁለት። 'አምሳል ልጇን ለጎርፍ ትታ ላሟን አዳነች።' ማን ነው እንዲህ ያለህ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ቁሐር ሚካኤል የሚባለውን መንደራቸውን በዋጠበት ክረምት አምሳል የሰባት ዓመት ልጇን ላሟ ጀርባ ላይ አስቀምጣ በመቀነቷ ጠፈረቻት፤ ላም ከሰው ይልቅ ዋና ታውቃለችና። ራሷ የላሟን ጭራ ይዛ ተከተለች። ልጅቱ አይናለም ነበረች። ይህንንም ለመምህሩ የነገረችው እሷው ናት።

"ልቦለድ እኮ ነው፣ አይናለም። አንባቢው እንዲያዝን ብዬ..."

"ስሟን እውነት፣ አገሯን እውነት፣ የላሟን መልክ ሳይቀር እውነት ጽፈህ፤ ያላደረገችውን ብቻ ልቦለድ አልከው?"

"እኔስ ገበያ ላይ 'ልጅ ጣይዋ' ሲሉ ሰምቼ ማንን ይሆን ብዬ ነበር!" አለች ሙናዬ ከሰልፉ መሐል። "አምሳልን ኖሯል? አፈር ይብሉ!"

መምህሩን ላብ አጠመቀው።

"ዳግም ሲታተም አስተካክለዋለሁ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቅዳሜ በመጽሐፉ ላይ ለሚደረገው ውይይት ግን እንዳትቀሪ። አንባቢ ሆና አስተያየት ትሰጣለች ብዬ ስምሽን አስይዣለሁ።"

እጁን ለመጽሐፉ ቢዘረጋ አይናለም ወደ ደረቷ ሳበችው።

"እመጣለሁ። እናቴንም ይዤ ነው የምመጣ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ገጹን አንተው ታነብላታለህ። ጮክ ብለህ፣ ዓይን ዓይኗን እያየህ!"

የገጹን ጥግ አጠፈችና መጽሐፉን በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘች። ከዚያ ሞተሩን አስነሳች።

እናንተም ልጆቼ፣ ያቺ ገጽ እጃችሁ የገባች እንደሆነ፣ የላሟን ጭራ ይዛ ልጇን በውኃው የተከተለችውን አምሳልን አስቡልኝ። አደራ።